የእትዬ አጸደ ትንሿ ዳቦ

እትዬ አጸደ ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ጄኔቭ ላይ ዐረፉ። እኔ ዙሪክ ወንዱ ልጄ ዘንድ ነበርኩ። እዚህ አገር በፎቅ ቤት ልብስ የሚታጠበው በተራ ነው፤ ተራችን ደርሶ ምድር ቤት ወርጄ አንሶላ ከማጠቢያው እያወጣሁ ሳለ ልጃቸው ሰብለ ደወለች። «እማማ ዘነቡ፣ እማዬ አረፈች» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም። እርጥቡን አንሶላ እንዳለ ቅርጫቱ ውስጥ ትቼ፣ ለልጄ ሚስት አደራ ብዬ፣ ወደ ጄኔቭ የሚሄደውን ባቡር ያዝኩ።

በጄኔቭም በዙሪክም፣ አገር ቤትም ሆናችሁ እትዬ አጸደን የምታውቁ ሁሉ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ሐዘን ላይ እንዲህ አይባል ይሆናል፣ ግን እርሳቸውን ሳስብ ልቤ ይዘላል። አብሬያቸው ሆኜ ያየሁት ነገር ዛሬም ያጣድፈኛል። እንባዬን ጠርጌ ሳይበርድብኝ ልንገራችሁ።

ወደዚህ የመጡት ከምርጫው ግርግር በኋላ ነው። ሰብለ ቀድማ የመጣችው በአንድ ዲፕሎማት ቤት ለመሥራት ነበር። ኋላ ወረቀቷ ተስተካክሎላት፣ በአረጋውያን መጦሪያ ተቀጥራ፣ ፕላንፓሌ በሚባል የጄኔቭ ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ያዘችና እናቷን አስመጣች። እኔ ደግሞ አንድ ቦታ አልረጋም። ሴቷ ልጄ ጄኔቭ ፓኪ ሰፈር ናት፣ ወንዱ ዙሪክ ላንግሽትራሰ፤ የልጅ ልጅ እየጠበቅሁ ከአንዱ ወደ አንዱ ስመላለስ እኖራለሁ። የተገናኘነው ፕላንፓሌ ትራም መጠበቂያው ላይ ነው። ነጠላቸውን ያጣፉ ሸበቶ እናት አጠገቤ ተቀመጡና፣ ገና እንዴት አደሩ ሳልላቸው፣ መዳፍ የምታህል፣ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነች ዳቦ ከጨርቅ ፈትተው እጄ ላይ አኖሩ።

«እንኪ፣ ያንቺ ናት።»

«እንዴት የእኔ ትሆናለች? አንተዋወቅም እኮ።»

«ስለማንተዋወቅ ነዋ ያንቺ የሆነችው» አሉኝ። «ይልቅ ብዪ፣ ትራሙ ሳይመጣ።»

በላሁ። ከዚያ ወዲያ አልተለያየንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእርሳቸው ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ለእሑድ የሚሆን ዳቦ ይጋገራል። ሊጡ በሁለት ረጃጅም ገመድ ተድቦልቡሎ ይጎነጎናል። ከመጎንጎኑ በፊት ግን ጭብጥ የምታህል ሊጥ ትቆረሳለች፤ እርሷም ለብቻዋ ትጎነጎናለች። ትልቁ ዳቦ የቤተሰቡ ነው። ትንሿ «ለሌለው ሰው» ናት ይላሉ። ከቤት ማንም አይነካትም። መጀመሪያ በሩን ለመታ፣ በሩን የመታ ከሌለ ደግሞ መንገድ ላይ ለተገኘ ለማያውቁት ሰው ትሰጣለች። ስንቱ በልቷታል። አገሩን ገና ያልለመዱ ጥገኝነት ጠያቂ ልጆች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፤ በዕረፍት ቀናቸው የሚሄዱበት አጥተው አደባባዩ ላይ የሚቀመጡ የሰው ቤት ሠራተኞች፤ ሐዲዱን የሚጠርገው ሰውዬ ሳይቀር። «ከየት ነሽ፣ ማን ነሽ» ብለው አይጠይቁም። «ጠይቄ ከሰጠሁማ ለሚያውቁት ሰው ሆነ» ይሉ ነበር።

ያልበሉላቸው ሙሴ ዣክ ብቻ ናቸው። ሙሴ ዣክ ከሥር፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ጎረቤት ናቸው። እትዬ አጸደ ቅዳሜ ጠዋት ሊጡን ጠረጴዛው ላይ እያነሡ ሲያፈርጡት፣ ሙሴ ዣክ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን ይደበድባሉ።

«ይኸውና ነቅተዋል፤ ደኅና አደሩ» ይላሉ እትዬ አጸደ፣ ሊጡን ለሰላምታ አንድ ጊዜ ጨምረው እያፈረጡ።

ሰብለ ታፍራለች። «እማዬ፣ እየተቆጡ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። ብቻውን የሚኖር ሰው የሚቆጣው ሰው ያስፈልገዋል።»

ትንሿን ዳቦ ይዘው ስንት ጊዜ ወርደው በራቸውን አንኳኩ። ሰውዬው ሳይከፍቱ ከውስጥ «አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም» ይላሉ። እትዬ አጸደ አይከፋቸውም። «ግዴለም፣ አንድ ቀን ራሳቸው መጥተው የእኔን በር ይመታሉ» ብለው ይመለሳሉ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ይህን ዳቦ ለቤታቸው ያመጡት የእናታቸው አያት ናቸው። ስማቸው እማማ ሬጉላ ይባላል። እማማ ሬጉላ ከዙሪክ ጀርባ ባለ ተራራ ላይ የተወለዱ የስዊስ ሴት ነበሩ። አገራችን ባቡርም መኪናም ሳታይ በፊት፣ ብረት ቀጥቃጭ ባላቸውን ተከትለው ባሕር ተሻግረው፣ በረሃውን በግመል አልፈው ሸዋ ገቡ። አንኮበር ሥር ቤት ሠሩ። ባል ማረሻና የበር ማጠፊያ ይቀጠቅጣሉ። ሚስት አምስት ልጅ ያሳድጋሉ፤ ለጎረቤት ሹራብ ያስተምራሉ፣ ከጎረቤት ጥጥ መፍተል ይማራሉ። ዳቦውን በሁለት ሸክላ መካከል ከላይም ከታችም ፍም አድርገው ይጋግሩ ነበር። ጾም ሲገባ ጎረቤት እንዳይቀየማቸው ብለው ቅቤውንና ዕንቁላሉን ትተው በኑግ ዘይት ያሹት ጀመር፤ እንዲያ እያለ ጾሙም የራሳቸው ሆነ።

ባላቸው በንዳድ ሲሞቱባቸው፣ ወደ ባሕር የሚወርዱ ነጋዴዎች «ነይ፣ አገርሽ እናድርስሽ» አሏቸው። ልጆቻቸውን በበቅሎ ጭነው ተነሡ። ጥቂት እንደሄዱ ልጆቹ ወደ ኋላ እየዞሩ ያለቅሱ ጀመር። ትንሿ ድንቅነሽ «ቤታችን ወዲያ ነው፤ ለምን ወዲህ እንሄዳለን?» አለች። እማማ ሬጉላ በቅሎዋን አቆሙ። ለእርሳቸው አገር ከፊት ነው፤ ለልጆቻቸው ከኋላ። ነጋዴዎቹን አመስግነው ተመለሱ። ትንሿን ዳቦ ለብቻዋ መጋገር የያዙት ከዚያ ወዲህ ነው አሉ፤ ትመጣለች እያሉ ለሚጠብቋቸው እናታቸው። ሴቶች ልጆቻቸውን ለጎረቤት ዳሩ፤ ፈረንጅነቱ በሁለት ትውልድ ውስጥ ሟሟ፤ ዳቦዋ ብቻ ቀረች።

እትዬ አጸደ ይህን ታሪክ ያልነገሩት የአገራችን ሰው የለም። የቤተ ክርስቲያናችን ወንዶች «ሰው ትውልዱን በአባቱ ይቆጥራል እንጂ እንዴት በእናቱ ይቆጥራል?» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። «አባቶቼማ ታወቁ፤ የጠፋችው እናቴ ናት» ይሏቸዋል። የሕዝብ መዝገብ ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ ያሉንም ነበሩ። ቢሮው የቤተሰብ ስም አምጡ ይላል፤ እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም፤ የልጅ ስም ላይ የአባት ስም እየደረብን ነው የኖርነው። እዚያው ላይ ቆመ።

አንድ ቅዳሜ፣ ገና ሲመጡ አካባቢ፣ ሱቅ ላሳያቸው ብዬ ፓኪ ይዣቸው ሄድኩ። አንድ ዳቦ ቤት ፊት ስንደርስ ተተከሉ። መስኮቱ ላይ በዕንቁላል የተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ የተጎነጎነ ዳቦ ተደርድሯል።

«ዘነቡ።»

«አቤት እትዬ።»

«ይህ የእናቴ ዳቦ ነው።»

እጄን ለቀው ገቡ። ወረፋ የያዘውን ሰው በትከሻቸው ከፍለው፣ ከባንኮኒው ወዲያ አልፈው፣ ሻጯን ደልደል ያሉ ሴትዮ አንገታቸውን አቅፈው ሳሟቸው፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ደግሞ ቀኝ። «ዘመዴ፣ ዘመዴ» ይላሉ። ሴትዮዋ የዳቦ መቁረጫውን ቢላዋ ወደ ላይ አንሥተው እንደያዙ ቀሩ። እኔ በገበያ ፈረንሳይኛዬ «ፓርዶን ማዳም፣ ፓርዶን፣ ያያታቸው አገር ነው» እያልኩ ነጠላቸውን እጎትታለሁ።

ሰብለ ስትሰማ ሳቋ ሊገድላት ነበር። «እማዬ፣ ይህን ዳቦ እኮ አገሩ ሁሉ ይጋግረዋል። እዚህ ትረስ ይሉታል፣ ዙሪክ ጾፕፍ ይሉታል። የሌለበት ሱቅ የለም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት እያየሽው አልነገርሽኝም?»

«የፈረንጅ ዳቦ ነው ብዬ አለፍኩት።»

«አገሩ ሁሉ የሚጋግረው ከሆነ አገሩ ሁሉ ዘመዴ ነው ማለት ነው» አሉ እትዬ አጸደ። «ይብስ ከበደኝ። ሁሉን ስሜ የምጨርሰው መቼ ነው?»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ይቅርታ ለመጠየቅ ሄድን። ሰብለ ለማስተርጎም አብራን አለች። እትዬ አጸደ ትልቁንም ትንሿንም ዳቦ ይዘዋል። ሻጯ ማዳም ኤለን ይባላሉ፤ ትልቁን ዳቦ በባለሙያ ዓይን አገላብጠው አዩና «ጥሩ እጅ ነው» አሉ። ትንሿ ከጨርቁ ስትወጣ ግን እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

«ይህችስ ለማን ናት?»

«ለሌለው ሰው» አለች ሰብለ።

ማዳም ኤለን የሱቁን በር ዘግተው መጡ። ልጅ ሳሉ፣ በእነርሱ ጊዜ እንደነበረው ልማድ፣ ቋንቋ እንዲማሩ ተብሎ ጀርመንኛ ወደሚነገርበት ወገን ተልከው አንድ ዓመት ሰው ቤት አገልግለዋል። ቤቱ ከዙሪክ ጀርባ ተራራ ላይ ያለ የገበሬ ቤት ነበር። አሮጊቷ እመቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ትልቅና ትንሽ ዳቦ ይጋግሩ ነበር።

«አንድ ቀን ርቦኝ ትንሿን በላኋት» አሉ ማዳም ኤለን። «አሮጊቷ እጄን በእንጨት ማንኪያ መቱኝ። ‹ለሌለችው ናት› አሉኝ። የሌለች ሰው ዳቦ ትበላለች ወይ ብዬ አኩርፌ ዋልኩ። በሌላ ቤት ሁለተኛ አላየሁም፤ ዛሬ አየሁ።»

ሰብለ መተርጎሙን ረሳች። «ማዳም፣ እርስዎም ሰው ቤት ሠርተዋል?»

«ታዲያስ፣ እንዲህ የመሰለ ትከሻ የት ያገኘሁ ይመስልሻል?»

ከዚያ ቀን በኋላ እትዬ አጸደን የሚያስቀምጣቸው ጠፋ። ወሬው ሲዛመት ሰዉ ሁሉ መካሪ ሆነ። «እሰይ፣ ቀዩን የስዊስ ፓስፖርት ታገኛላችሁ» አሏቸው። «ወረቀት አለኝ፤ የጠፋኝ ሰው ነው» ብለው መለሱ። ልባቸው ያኔውኑ ደክሟል፤ ሐኪሙ ደረጃና ዳገት ከልክሏቸዋል። ሰብለ ፈራች፤ ሕመሙንም፣ ውርደቱንም። «ይስቁብሻል እማዬ። ልትለምን መጣች ይሉሻል።»

«ይበሉኝ» አሉ። «ያቺ የሬጉላ እናት ልጇ ትሙት ትኑር ሳታውቅ ነው የሞተችው። እኔ ሄጄ ‹ደርሳለች፣ ወልዳለች› ካላልኩላት ማን ይልላታል? ልቤ የሚቆም ከሆነ ከነገርኩ በኋላ ይቁም።»

ማዳም ኤለን ወደዚያ የተራራ ቤት ስልክ ደወሉ። አሮጊቷ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ቤቱን የያዙት የልጅ ልጃቸው ፍራው ሊስቤት ናቸው፤ ፍራው በጀርመንኛ ወይዘሮ ማለት ነው። «ከጓደኞችሽ ጋር ለቡና ነይ» ተባሉ፤ ለፍራው ሊስቤት ለምን እንደምንሄድ አልተነገራቸውም። አራት ሴቶች ሆነን ዙሪክ ልጄ ቤት አደርን። ዳቦ ጋግረን እንሂድ ብል እትዬ አጸደ እምቢ አሉ። «ይዤ ከሄድኩ ከሱቅ ገዛች ይሉኛል። እጄ አብሮኝ ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት በባቡር፣ ቀጥሎ በአውቶቡስ ወጣን። ከአውቶቡሱ እስከ ቤቱ ያለችው ዳገት ትንሽ ናት፤ እርሳቸው ግን ነጠላቸውን እያስተካከሉ በየአጥሩ ቆሙ፤ ደከመኝ ላለማለት ላሞቹን ያደንቃሉ።

ፍራው ሊስቤት ቀጭን፣ ረጅም፣ እጅጌያቸውን የሰበሰቡ ሴት ናቸው። ክንዳቸው ዱቄት ነክቶታል። ማዳም ኤለንን ሳሟቸው፤ እኛን ሲያዩ ፊታቸው ተዘጋ። ማዳም ኤለን በዚያ በዘነጉት ጀርመንኛቸው ሊያስረዱ ጀመሩ፤ ላብ በላብ ሆኑ። ፍራው ሊስቤት አቋረጧቸው።

«ምን አሉ?» አሉ እትዬ አጸደ።

ሰብለ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላለች። «ምን ፈልጋችሁ ነው የመጣችሁት አሉ። እንሂድ እማዬ።»

«እጄን መታጠብ እፈልጋለሁ በይልኝ።»

ሰብለ ለማዳም ኤለን፣ ማዳም ኤለን ለፍራው ሊስቤት ነገሩ። እጅ መታጠብን የሚከለክል ሰው የለም። እትዬ አጸደ ታጠቡ፤ ነጠላቸውን ለእኔ ሰጡኝ፤ ጠረጴዛው ላይ ኩፍ ብሎ ወደ ተቀመጠው ሊጥ ሄዱ። አንድ ጭብጥ ቆረሱና ወደ ጎን አኖሩ። የቀረውን በሁለት ገመድ አድቦልቡለው፣ አጣመሩ፣ ጎነጎኑ።

«ይህንማ ሁሉም ሰው ይችላል» አሉ ፍራው ሊስቤት እጃቸውን አጣምረው።

እትዬ አጸደ ሲተረጎምላቸው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁና ትንሿን ያዙ። ጎነጎኗት። ከትልቁ ዳቦ ጎን ካስቀመጧት በኋላ፣ በጣታቸው ገፋ አድርገው ራሷን ወደ በሩ አዞሩ።

ያኔ ፍራው ሊስቤት ክንዳቸውን ፈቱ። «ለምን ወደዚያ አዞረቻት?»

«ለሚመጣ ሰው ፊት ይሰጣል እንጂ ጀርባ ይሰጣል እንዴ?» አሉ እትዬ አጸደ።

ማዳም ኤለን ተርጉመው ሲያበቁ በራሳቸው ጨመሩ፤ «ይህን እኔ አልነገርኳትም። እኔም ዛሬ ነው ያየሁት።»

ፍራው ሊስቤት ወንበር ስበው ተቀመጡ። እትዬ አጸደ ሊጥ የነካ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አኑረው ቆጠሩ። «አጸደ። የአጸደ እናት አስካለ። የአስካለ እናት ድንቅነሽ። የድንቅነሽ እናት ሬጉላ።»

ይህን ማንም አልተረጎመም። ስሙን ለማዳም ኤለንም ነግረናቸው አናውቅም ነበር።

«ሬጉላ» አሉ ፍራው ሊስቤት ቀስ ብለው። ከዚያ ብዙ ተናገሩ። ንግግራቸው በማዳም ኤለን አፍ፣ ከዚያም በሰብለ አፍ ዞሮ ደረሰን፤ ትንሿ ዳቦ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትጋገረው ወሬዋ ለጠፋው ለቤቱ ልጅ ለሬጉላ ነው፤ እናቷ ጀመሩት፤ ባሕር ላይ ቀርታለች ተብሎ ተለቀሰ፤ እናቷ ግን መጋገሩን አላቋረጡም።

«ባሕር ላይ አልቀረችም በይልኝ» አሉ እትዬ አጸደ። «ደርሳለች። አምስት ልጅ ወልዳለች። ለእናቷም ዳቦ ስትጋግር ነው የኖረችው።»

እናንተ፣ ያን ጊዜ ብታዩ። ቃሉ ከአንዷ ወደ አንዷ ሲሄድ ፊታቸው በየተራ ሲበራ አየሁ፤ መጀመሪያ ሰብለ፣ ከዚያ ማዳም ኤለን፣ በመጨረሻ ፍራው ሊስቤት። ፍራው ሊስቤት ተነሥተው የእትዬ አጸደን እጅ ከነሊጡ ያዙ። ማናችንም ቡናውን አላስታወስንም፤ ሳይጠጣ ቀዘቀዘ።

ዳቦው በስሎ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። የነቢያት ጾም ነበር፤ ሊጡ ውስጥ ቅቤም ወተትም አለ። እትዬ አጸደ ሽታውን ብቻ ተመግበው ቁጭ አሉ። ፍራው ሊስቤት ተቀየሙ። ሰብለ እንዲህ ነው፣ በጾም በዘይት ነው የምንጋግረው ብላ ብታስረዳ፣

«በዘይት?» አሉ። «ጾፕፍ በዘይት? ሬጉላ ምን ነካት?»

እትዬ አጸደ እስኪያንቃቸው ሳቁ። ፍራው ሊስቤትም ሳቁ። ከዚያ ወዲያ እንግዲህ የኛን ጾም ከኛ በፊት የሚያውቁት እርሳቸው ሆኑ፤ በገባ ቁጥር ይደውላሉ፣ በዘይትም ጋግረው ይልካሉ።

ስንሰናበት ፍራው ሊስቤት ትንሿን ዳቦ ለእትዬ አጸደ ሰጧቸው። «መጣሽ። ካሁን በኋላ ትንሿን መጋገር ቀረልን» አሉ።

«ኧረ እንዳይቀር» አሉ እትዬ አጸደ። «ይቺ መጣች እንጂ የሌለ ሰው መቼ አለቀ? ይኸው ልጄን አላየሽም? እሷም ሰው ቤት አንሶላ ስታጥፍ እኔ አገሬ ላይ እየጠበቅኋት ነበር።»

አውቶቡሱ ላይ ትንሿን ዳቦ ለሾፌሩ ሰጡት።

እትዬ አጸደ፣ እንግዲህ ወደ እርስዎ ልመለስ። ነገርኳቸው። የሰሙም እንደገና ሰሙ፣ ያልሰሙም ሰሙ። ከሄዱ በኋላ የሆነውን ግን እርስዎም አልሰሙም።

ቅዳሜ ዕለት ሰብለ ጋገረች። እንደ እርስዎ አላፈረጠችውም፤ በቀስታ ነው ያሸችው። ትንሿን ጎነጎነች፤ ራሷንም ወደ በሩ አዞረች። ፍራው ሊስቤት ከተራራቸው ወርደው መጡ፤ ማዳም ኤለን ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። ቤቱ በሐዘንተኛ ሞልቶ፣ ለቅሶው ጠንክሮ ሳለ በሩ ተመታ። ሰብለ ከፈተች። ሙሴ ዣክ ናቸው። ስለ ጩኸቱ ሊቆጡ መጡ ብለን ሁላችን ድምፃችንን ዋጥን።

እርሳቸው ግን ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ ቆሙ። «የዳቦዋ ሴትዮ ታመሙ ወይ?» አሉ። «ባለፈው ቅዳሜም ዛሬም ጠዋት ከላይ የሊጡ ድምፅ ጠፋብኝ።»

ሰብለ ትንሿን ዳቦ አንሥታ እጃቸው ላይ አኖረች። አልፈልግም አላሉም፣ እትዬ። ገብተው በእርስዎ ወንበር ትይዩ ተቀመጡ፤ እየቆረሱ እስከ ፍርፋሪዋ በሏት።

እንዳሉት ሆነ፤ ራሳቸው መጥተው በርዎን መቱ። በሉ እንግዲህ፣ እዚያ ዳገት የለም፣ ደረጃም የለም፤ ቀስ ብለው ይሂዱ። እማማ ሬጉላን ይሳሙልን። እናታቸውም አጠገባቸው ካሉ እርሳቸውንም ይሳሙልን፤ የልጃቸው መልእክት ቢዘገይም ቤታቸው ደርሷል ይበሏቸው። የእርስዎን ትንሿን ዳቦ እኛ ፊቷን ወደ በሩ አድርገን እናቆያታለን።